ጥያቄ፦ የጓጉንቸር ሲሊንደር ፈትቶ ቁልፉን መቀየር ያዋጣል?

ክሩን፣ ማለትም በማስተባብረው የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተደረገውን ይህን ውይይት፣ የከፈተው አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የእህል መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው። አብሮት የቆየ ሠራተኛ ሥራ ለቅቆ ሲሄድ ቁልፎቹን በሙሉ አስረክቦታል፤ ከማስረከቡ በፊት ስንት ቅጂ እንዳስቀረጸ የሚያውቁት ግን እግዜርና ቀራጩ ናቸው። ልጁን እንደማይጠረጥር፣ ሌሊት ግን ነገሩ እንቅልፍ እንደሚነሣው ጽፏል። አራቱም ጓጉንቸሮች ከባድና ውድ ናቸው፣ ገናም አላረጁም። መሀል ከተማ ያሉ ቁልፍ ቀራጮች የበር ሰራቱራ ከሆነ እንሠራለን፣ ጓጉንቸር ከሆነ ግን አዲስ ግዛ ብለው መልሰውታል። እሱ የጠየቀው ሲሊንደሩ፣ ማለትም ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበት የውስጥ ክፍል፣ ወጥቶ፣ ውስጡ ተቀይሮ፣ ለሌላ ቁልፍ ብቻ እንዲታዘዝ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ነው። በዚያው ላይ ሁለቱ ከኅዳር ነፋስ ወዲህ ቁልፍ ሲገባባቸው ይንገራገጫሉ፤ አንዱማ በመዶሻ እጀታ ካልተመታ አይላቀቅም።

ምላሾቹን በቁጥራቸው እየተከተልኩ እተርካለሁ። ሰላምታና ምርቃት ብቻ የሆኑትን ዘልያለሁ፣ ስድብ የነበረባቸውንም አለዝቤያለሁ።

1ኛው መላሽ ብዙ አልደከመም። የተነካካ ቁልፍ እንደማይታመን፣ ሀብቱን የሚወድ ሰው አዲስ እንደሚገዛ በሁለት መስመር ጽፎ ሄደ። ተመልሶም አልመጣም።

2ኛዋ ፖስታ ቤት አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ክሩን ወደ ቁም ነገር ያስገባችው እሷ ነች። ከማንኛውም ነገር በፊት ጓጉንቸሩን በራሱ ቁልፍ ክፈት፣ ቀለበቱን አዙረህ ከቀዳዳው አርቀው፣ ከዚያ አጭሩ እግር ይገባበት በነበረው ቀዳዳ ውስጥ የስልክህን መብራት አብራ አለችው። ከታች የብሎን ጭንቅላት ከታየህ ፋብሪካው እንዲፈታ አስቦ ሠርቶታል ማለት ነው። ምንም ካልታየህ ደግሞ አካሉ በሪቬት የተመታ ወይም የታተመ ነው፤ ሊፈታ ሳይሆን ሊሰበር ብቻ ይችላል። ብሎኑ እዚያ የተደበቀው በምክንያት መሆኑንም አስረዳች፦ ጓጉንቸሩ ሲዘጋ የቀለበቱ እግር በላዩ ስለሚገባ፣ የራሱን ቁልፍ ያልያዘ ሰው ካቻቢቴ የሚያስገባበት መንገድ የለውም። ሸማቹ ዋጋና ክብደት እንጂ ይህን ስለማያይ ከሱቋ ሰዎች የሚፈታውን ትተው የማይፈታውን እየመረጡ ይወጣሉ። ይህ የመጨረሻው ቅሬታዋ ከልብ ይመስለኛል።

3ኛው የባለ ጥያቄው መልስ ነበር። አይቶ መጣ። ሁለቱ ብሎን አላቸው። ሦስተኛው ብዙ የብረት ላሜራ ተደራርቦ በሪቬት የተጠፈነገ ነው። አራተኛው ለስላሳ ነሐስ ሆኖ የትም ቦታ ስንጥቅ አይታይበትም። ስለ ነሐሱ ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሰው እንደነገረው፣ ጎኑን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቢያሸው በአንድ መስመር የተሰለፉ ትናንሽ ክቦች ሊታዩት ይችላሉ። ቁልፉ የሚያነሣቸው ትናንሽ ዘንጎች፣ ማለትም ፒኖቹ፣ እና ሞላዎቹ በእነዚያ ቀዳዳዎች ገብተው ከላይ በነሐስ ተደፍነው የተወለወሉ ናቸው። እያንዳንዱን በትራፓኖ ቀድዶ እንደገና መድፈን ይቻላል፣ ጉልበቱና ጊዜው ግን ከአዲሱ ዋጋ ይበልጣል።

4ኛው ምላሽ የመጣው በፋብሪካ ጥገና ክፍል ሠርተው ጡረታ ከወጡ አዛውንት ቴክኒሻን ነው። ብዙዎች ይህን ክር የሚያስታውሱት በእርሳቸው ጽሑፍ ይመስለኛል፤ ርዝመቱ ያስለፋል፣ ግን አንድም የሚጣል የለውም። ሲሊንደሩ ሁለት ነገር ነው አሉ፦ የማይንቀሳቀስ ቤትና በውስጡ የሚዞር ልብ። በሁለቱ ላይ በቀጥታ የተገጣጠሙ ቀዳዳዎች አሉ፤ ትናንሾቹ ጓጉንቸሮች ላይ 3 ወይም 4፣ ደህናዎቹ ላይ 5 እና ከዚያ በላይ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ፒን አለ። የታችኛው ቁልፉን የሚነካው ነው፣ ቁመቱም ከቀዳዳ ቀዳዳ ይለያያል። የላይኛውን ፒን ሞላ ወደ ታች ይገፋዋል። ቁልፍ ሳይገባ የላይኛው ፒን ግማሽ አካሉ ቤቱ ውስጥ፣ ግማሹ ልቡ ውስጥ ሆኖ ስለሚቆም ልቡ መዞር አይችልም። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ የጥርሶቹ ከፍታና ዝቅታ የታችኛዎቹን ፒኖች ጫፍ በሙሉ ከልቡ ጠርዝ እኩል ያደርጋቸዋል፤ ያኔ መለያያው መስመር ነጻ ይሆናልና ልቡ ይዞራል። አንዲት ፒን በፀጉር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ካለች መዞር የለም።

ከዚህ ተነሥተው ወደ ባለ ጥያቄው ጉዳይ መጡ። ቁልፍ መቀየር ማለት ሲሊንደር መቀየር አይደለም፣ የታችኛዎቹን ፒኖች ብቻ አዲሱ ቁልፍ በሚፈልገው ቁመት መተካት ነው። ቤቱ፣ ልቡ፣ ሞላው፣ ቀለበቱ ሁሉ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ መቶ ጊዜ ቢቀየር ጓጉንቸሩ ያው ጓጉንቸር ነው፤ የድሮው ቁልፍ ግን ገብቶ ቢነቀነቅም አይዞርም። የሚንገራገጭበትን ምክንያትም በዚያው ፈቱለት፦ አቧራ የላይኛውን ፒን ቀዳዳው ውስጥ ቀርቅሮ ይይዘዋል፣ ሞላው ሊመልሰው አይችልም። በመዶሻ ሲመታ የሚላቀቀውም የተቀረቀረው ፒን ስለሚናወጥ ነው። በመምታት የተከፈተ ቁልፍ ነገ ጨርሶ እንደሚዘጋ አስጠንቅቀው ጨረሱ።

5ኛው የታሪክ መምህር ነኝ የሚል ሰው ነው። አዛውንቱ በጽሑፋቸው መሀል አሠራሩን የፈለሰፈው አሜሪካዊው ዬል ነው ብለው አልፈው ነበር። መምህሩ በትሕትና፣ ግን እንደ ፈተና ወረቀት አረማቸው። የሚወድቅ ፒን ያለው የእንጨት ቁልፍ በጥንት ግብፅ ነበር፤ አባትየው ሊነስ ዬል እ.ኤ.አ. በ1848 ሐሳቡን በብረት አምጥቶታል፣ ልጁ ሊነስ ዬል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1861 ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለውን ትንሽ፣ ጠፍጣፋና ባለ ጥርስ ቁልፍ ይዞ መጣ። የብረት ላሜራ ደራርቦ ጓጉንቸር መሥራት ደግሞ ከዬልም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሃሪ ሶረፍ የተባለ አሜሪካዊ ያስለመደው ነው። ለመጋዘኑ ምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀው ሰው አልተመለሰለትም።

6ኛው ላይ አዛውንቱ እርማቱን አመስግነው ወደ አፈታቱ ገቡ። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፍ፣ መስኮት ይዘጋ፣ የአዳማን ነፋስና የጓጉንቸርን ሞላ አንድ ክፍል ውስጥ ማሰባሰብ ደግ አይደለም አሉ። ቁልፉ ገብቶ ቀለበቱ ተከፍቶ ሳለ ብሎኑ ይፈታል። የታችኛው ሽፋን ሲነሣ ሲሊንደሩ ይንሸራተታል፤ ከእሱ በስተላይ ያለችው አንቀሳቃሽ ብረትና ሁለት የብረት ብዮች ተከትለው ሊወድቁ ስለሚችሉ ከታች እጅ ይኑር። እነዚያ ብዮች የቀለበቱን ሁለት እግሮች ከግራና ከቀኝ ቆልፈው የሚይዙ ናቸው። ርካሾቹ ጓጉንቸሮች በብይ ፈንታ አንዱን እግር ብቻ የምትይዝ ምላስና ሞላ ነው ያላቸው።

የወጣው ሲሊንደር ከኋላው ቀጭን የሽቦ ቀለበት ወይም ትንሽ ብሎን አለው፤ እሱ ይወገዳል። ቁልፉ ገብቶ ልቡ ጥቂት ብቻ፣ የሰዓት ዘንግ ከ12 ወደ 1 የምትሄደውን ያህል ይዞራል። ሳይዞር ከተሳበ የላይኛዎቹ ፒኖች ልቡ ውስጥ ይዘቅጣሉ። ግማሽ ዙር ከዞረ ደግሞ ከታች ክፍት የሆነ ቁልፍ ማስገቢያ ያላቸው ላይ ፒኖቹ በዚያ በኩል ይወርዳሉ፤ ያኔ ልቡ ወደፊትም ወደ ኋላም አይልም። ልቡ ወደ ፊት ሲወጣ ከኋላው ውፍረቱ ከልቡ ጋር እኩል የሆነ ዘንግ እየተከተለ ይገባል፣ ሁለቱ ለአፍታም ሳይለያዩ። በመካከላቸው ክፍተት ከተፈጠረ የላይኛዎቹ ፒኖችና ሞላዎቹ በዚያች ክፍተት ይፈናጠራሉ። ዘንጉን ከእንጨት ማለስለስ ይቻላል፤ ቶርኖ ያለው ወዳጅ ካለ ከፕላስቲክ ቢያስወጡት ይሻላል።

ከዚያ ያለው ቀላል ነው። የድሮዎቹ ፒኖች በተራቸው ይወጣሉ፣ አዲሱ ቁልፍ ባዶው ልብ ውስጥ ይገባል፣ በየቀዳዳው ከልቡ ጠርዝ ጋር እኩል የምትቆም ፒን ትመረጣለች። በጣት ሲዳሰስ ከፍ ያለችም የጎደጎደችም መኖር የለባትም። ልቡ በዚያው ዘንበል ባለ አቅጣጫ ዘንጉን እየገፋ ይመለሳል። አዛውንቱ አንድ ነገር ደጋግመው አሳሰቡ፦ ሲሊንደሩ ጓጉንቸሩ ውስጥ ሳይገባ ውጭ በእጅ ይሞከር፣ በሁሉም ቅጂ ቁልፍ። ከተገጠመና ቀለበቱ ጠቅ ብሎ ከተዘጋ በኋላ ፒን ተሳስቶ ቢገኝ ብሎኑ አይደረስበትምና ባለቤቱ የራሱን ዕቃ መስበር ሊኖርበት ነው።

7ኛው ወጣት የእጅ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ሞላዎቹ ጠፍተውበት የእስክሪብቶ ሞላ ቆርጦ እንደተካ በኩራት ጻፈ። 8ኛዋ የሱቋ ባለቤት ናት፤ የእስክሪብቶ ሞላ ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ፒኑን አፍኖ ቁልፉን ቶሎ እንደሚበላ፣ ሲቆረጥም ጫፉ ሹል ሆኖ ቀዳዳውን እንደሚፍቅ ነገረችው። ፒኖች እንዳይደባለቁ የእንቁላል ካርቶን ላይ ከቁልፉ ትከሻ ወደ ጫፉ በተራ ማስቀመጥንም የመከረች እሷ ናት። ብዙ ሰው ይህን ምክር ወደደ፤ እኔም።

9ኛው ላይ ክሩ ሞቀ። አንድ ቁልፍ ቀራጭ ገብቶ ይህ ሁሉ ወሬ እንደሆነ፣ እሱ ሲጋራ አጭሶ ሳይጨርስ እንደሚሠራው ጻፈ። ዘዴው አዲሱን ቁልፍ ልቡ ውስጥ አስገብቶ ከጠርዝ በላይ ብቅ ያለውን ፒን ሁሉ በሞረድ ደልድሎ መመለስ ነው። ፒን ፍለጋ አዲስ አበባ መመላለስ የለም፣ ደንበኛም አይጠብቅም።

10ኛው ላይ አዛውንቱ ቁጣቸውን አልደበቁም። ሞረድ ፒኗን ብቻ አይነካም፣ የልቡንም ትከሻ ይላጨዋል፤ ክብ የነበረው ልብ በፒኖቹ መስመር ጠፍጣፋ ይሆናል። በልቡና በቤቱ መካከል ያ ክፍተት ሲፈጠር ትንሽ ከፍና ዝቅ ያለ ቁልፍ ሁሉ ይቀበላል፣ የጎረቤት ቁልፍ ጭምር። የነሐሱ ብናኝም ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። ከሞረድ በታች የቀረች አጭር ፒን ደግሞ በሞረድ አትረዝምም፤ ስለዚህ ዘዴው ግማሹን ችግር እንኳ አይፈታም። እንዲህ የሚሠራ ሰው ደንበኛውን ቆልፎ ሳይሆን ከፍቶ እንደሚልከው ጽፈው ተዉት።

11ኛው የቀራጩ መልስ ነበር፤ አንተ እያለ ጀመረ፤ ጡረተኛ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያወራውን እሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ እንደሚሠራ፣ ልጆቹን የሚያበላውም በሞረዱ እንደሆነ ገለጸ። 12ኛው ላይ ሦስት ሰዎች ተራ በተራ አንተ ማለቱን ተቃወሙ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው የሚለውን ተረት ጠቅሶ ቀራጩን ገሠጸው። አንቱታው ተመለሰ፣ ክርክሩ ግን አልበረደም። በነገሩ ላይ አዛውንቱ ትክክል ናቸው፤ ቀራጩ ስለ ኑሮው የተናገረውም ሐሰት አይደለም።

13ኛዋ የሱቋ ባለቤት ሁለቱንም አቀራረበች። የተለያየ ቁመት ያላቸው ፒኖች በሳጥን ተደርድረው አዳማ ገበያ ላይ እንደማይገኙ፣ ቀራጩ ሞረድ የሚያነሣውም ስለዚህ እንደሆነ መሰከረች። ከተሰበሩና ከተጣሉ ሰራቱራዎች ፒን እየለቀሙ በትንንሽ ጠርሙስ ማጠራቀም አንድ መላ ነው፤ ነገር ግን የፒኑ ውፍረት ካልገጠመ ቁመቱ ቢስማማም አይሠራም። ውፍረቱን በካሊፐር መለካት እንጂ በዓይን መገመት አይበቃም።

14ኛው የሒሳብ መምህር ነው፤ ክሩ ውስጥ ከገቡት አስተያየቶች ሁሉ ለኔ የሚያምረው የእሱ ነው። አዲስ ፒን ከጠፋ ለምን ያሉትን ቦታ አናቀያይርም? ብሎ ጠየቀ። አምስቱ ፒኖች ሁሉም የተለያየ ቁመት ካላቸው በ120 ዓይነት ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። አንዱ የድሮው ነው፤ 119 አዲስ ቁልፍ ከዚያው ጓጉንቸር ሆድ ይወጣል፣ አንድ ሳንቲም ፒን ሳይገዛ። ፒኖቹ ከተቀያየሩ በኋላ ቁልፍ ቀራጩ ጥርሱን በአዲሱ ተራ መቅረጽ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

15ኛው ላይ አዛውንቱ አመስግነው ሁለት ነገር አከሉ። ሁለት ፒኖች እኩል ከሆኑ 120ው ወደ 60 ይወርዳል፤ ሁለት ጥንድ እኩል ከሆኑ ወደ 30። ሌላው፣ በጣም ረጅሟ ከአጭሯ አጠገብ ብትውል የቁልፉ ጥርስ ገደል ስለሚሆን ቁልፉ ሲገባ ይደናቀፋል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሊቀረጽ አይችልም። ቀራጩ ደግሞ የሚሠራው ከሌላ ቁልፍ እየገለበጠ ሳይሆን በልኬት ስለሚሆን ጥሬ ቁልፉን ቀስ እያለ መሞረድና ልቡ ላይ እየሞከረ መሄድ አለበት። እዚህ ላይ ሞረዱ የሚነካው ቁልፉን ነው፣ ልቡን አይደለም። ይህን ያነበበው የ9ኛው ቀራጭ እንዲህማ ከሆነ እንደሚሠራው፣ ዋጋው ግን እንደማይቀንስ ጻፈ። እርቅ ሊባል ይችላል።

ከ16 እስከ 19 ያሉት ስለ ቅባት ናቸው። 16ኛው የሞተር ዘይት ጠብ ማድረግ ይበቃል አለ። 17ኛው ከቦኩ በኩል የሚኖር ሰው ነው፤ የከተማው ዳር ተርባይኖች የመጀመሪያው ምዕራፍ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት በምን ነፋስ እንደሆነ ጠየቀና ያው ነፋስ የስምጥ ሸለቆውን ደቃቅ የእሳተ ገሞራ አፈር በየቁልፉ ቀዳዳ እንደሚሞላ አስታወሰ። ዘይትና አቧራ ሲገናኙ ሊጥ ይሆናሉ፤ ያ ሊጥ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነሐሱን ይፈጫል። ለአዳማ የሚሆነው ደረቅ ግራፋይት ነው፤ እርሱም ካልተገኘ ለስላሳ እርሳስ ቁልፉ ላይ አሽቶ ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት። አንድ ሰው እርሳስ ግራፋይት ብቻ ሳይሆን ሸክላም እንዳለበት አርሞታል፤ ለጊዜው ይሠራል፣ በብዛት ግን ተፍቆ አይጨመርም። ዘይት በገባበት ቀዳዳ ላይም ግራፋይት አይጨመርም፤ መጀመሪያ መታጠብ አለበት።

ደብልዩ ዲ 40 ረጨሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ደረቀ ላለው 18ኛ መላሽ አንድ የመኪና መካኒክ መለሰለት። ያ ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ1953 በሳን ዲዬጎ የተቀመመው ከሮኬት አካል ላይ እርጥበት ለማባረር ነው፤ 40 የሚለውም የሙከራው ተራ ቁጥር ነው። የተጣበቀን ያላቅቃል፣ ዝገትን ይፈታል፤ አብዛኛው ክፍሉ ግን ይተናልና ለረጅም ጊዜ ቅባት አይታመንም። ለተፈታ ሲሊንደር ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሮ በጥርስ ብሩሽ ማሸትን መከረ፣ ከሰል ከተቀጣጠለበት ቦታ ርቆ። ጎሚስታ ጋ ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋትን ያነሣ ሰው ነበር፤ መካኒኩ ከኮምፕሬሰሩ አየር ጋር ውኃና ዘይት እንደሚወጣ፣ ያልታሰረ ፒን ካለም መንገድ ዳር እንደሚቀር ነገረው።

19ኛው ከሐዋሳ ነው፤ አሞራ ገደል በኩል ዕቃ ማከማቻ አለው። እዚያ ችግሩ አቧራ ሳይሆን የሐይቁ እርጥበት ነው፤ ነሐሱ ይቋቋማል፣ የብረት ቀለበቱ ግን ዝጎ ቀዳዳው ውስጥ ይነክሳል። ስለዚህ ለሐዋሳ ቀለበቱን በስስ ግሪስ መቀባት ይበጃል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ግን ግሪስ አይገባም። ሞላ የሌለው ጓጉንቸር እንዳለም የተናገረ እሱ ነው፦ ፊንላንዳዊው ኤሚል ሄንሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1907 በፈለሰፈው አሠራር በፒን ፈንታ የሚዞሩ ቀጫጭን ዲስኮች ይደረደራሉ። ሞላ ስለሌለው አቧራም ሆነ ብርድ የሚቀረቅረው ነገር ትንሽ ነው። ቁልፉ ሲቀየር የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ይቀየራል፤ ዲስኩ ግራና ቀኝ ተገልብጦ ከገባ ግን አይዞርም። ዋጋውን ሲነግረን መድረኩ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ።

ነገርን ነገር ያነሣዋል፤ 20ኛው ላይ ወሬው ወደ ቤት ኪራይ ዞረ። አንዲት ተከራይ ቤት ስትገባ ሰራቱራውን እንደቀየረች፣ አከራይዋ እንደ ንቀት እንደቆጠሩት ጻፈች። 21ኛው አከራይ ነው፤ በገዛ ቤቱ ቁልፍ ሊነፈግ እንደማይገባ ተከራከረ። 22ኛው ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጠቅሶ ውሉ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት፣ ከ2 ዓመትም እንደማያንስ አስታወሰ፤ ስለ ቁልፉም እዚያው ውል ላይ ተነጋግሮ መጻፍ እንደሚሻል መከረ። ከዚያ በኋላ ያለው ስለ ኪራይ ጭማሪ የተደረገ ንትርክ ስለሆነ አልተርከውም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ያለም ነበረ፤ ማንን ማለቱ እንደሆነ ግን ሁለቱም ወገን ለራሱ ወሰደው።

23ኛው ሌላ ዓይነት ነው። ኪራይ ሳይከፍል የጠፋ ሰው የቆለፈውን ክፍል ጓጉንቸር ሳይሰበር እንዴት እንደሚከፍት የጠየቀ ሰው ገባ። መልሱ ፈጣንና ደረቅ ነበር። ሦስት ሰዎች በዚህ ክር የሚወራው የራሱ ቁልፍ በእጁ ስላለ ሰው እንደሆነ ነገሩት፤ አንዱ ቀበሌና ፖሊስ ባሉበት፣ ዕቃው ተቆጥሮ በፊርማ ካልሆነ ራሱ ተከሳሽ እንደሚሆን አስጠነቀቀው። የ9ኛው ቀራጭ እንኳ እንዲህ ላለ ሥራ ያለ ቀበሌ ሰው እግሩን እንደማያነሣ አከለ። በአስተባባሪነቴ ጥያቄውን ልሰርዘው ብዬ ነበር፤ መልሶቹ ይጠቅማሉ ብዬ ተውኩት።

24ኛው ላይ ባለ ጥያቄው ተመልሶ የሆነውን ነገረን። ብሎን ያላቸው ሁለቱ ተፈትተው፣ ታጥበው፣ ፒኖቻቸው ቦታ ተለዋውጠው አዲስ ቁልፍ ተቀርጾላቸዋል። ከአንደኛው ሆድ የወጣው አቧራ ብዛት አስገርሞታል፤ ካጸዱት በኋላ ያለ ምንም ምት ዞሯል። ብዮቹ ሲገጠሙ እየወደቁ አስቸግረውት ነበር፣ በጥቂት ግሪስ አጣብቆ አስገብቷቸዋል። ባለ ላሜራውን ከመጋዘኑ አንሥቶ ግቢው ውስጥ ያለውን የውኃ ታንከር ክዳን ቆለፈበት፤ ነሐሱን ለዘመድ ሰጠው። ብሎን ያላቸው ሁለት አዲስ ጓጉንቸሮች ከሱቋ ባለቤት ገዝቷል፤ እሷም ተገቢውን ቅናሽ እንዳደረገችለት እዚያው አጸደቀች።

በ25ኛው አንድ የፔንሲዮን ባለቤት ክፍሎቹን ሁሉ የሚከፍት አንድ ቁልፍ በዚሁ መንገድ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ። አዛውንቱ ይሠራል አሉ፤ በታችኛውና በላይኛው ፒን መካከል ሦስተኛ ቀጭን ፒን ሲገባ ልቡ በሁለት ከፍታ ላይ ይዞራል፣ አንዱ ለእንግዳው ቁልፍ፣ አንዱ ለባለቤቱ። ነገር ግን እያንዳንዷ ተጨማሪ ፒን ልቡ የሚዞርባቸውን ቦታዎች ስለምታበዛ ሳይታሰብ ሌላ ቁልፍም ሊከፍተው ይችላል። ከ5ቱ ቀዳዳዎች በ1 ወይም በ2ቱ ብቻ እንዲደረግ፣ ዋናው ቁልፍ ደግሞ ከባለቤቱ ኪስ እንዳይወጣ መከሩት። ሰውየው ለጽዳት ሠራተኞችም ሊያድለው እንዳሰበ ሲጽፍ አዛውንቱ አልመለሱም።

26ኛው የባጃጅ ሹፌር ነው። የባጃጁ ቁልፍ ማስነሻ ላይ እየሾለከ፣ ሞተሩ እየሠራ እንኳ ስለሚወጣ በዚሁ ዘዴ ይታደስ እንደሆነ ጠየቀ። መካኒኩ የዚያ ዓይነቱ ማስነሻ ብዙውን ጊዜ ክብ ፒን ሳይሆን ጠፍጣፋ ቅጠሎች እንዳሉት፣ የሚያልቁትም ቅጠሎቹና ቁልፉ አብረው እንደሆነ፣ አፈታቱም ሌላ መሆኑን ገልጾ የራሱን ክር እንዲከፍት ነገረው። ከፈተው፤ አሁን እዚያ ስለ ቤንዚን ሰልፍ ነው የሚወራው።